ተጠጉ የማይል ሌንስ

ከድሬዳዋ የወጣሁ ዕለት ሊነጋጋ ሲል፣ አውቶቡስ ተራው በር ላይ፣ አባቴ ካሜራዬን ከተጠቀለለበት ሽርጥ ፈታና ገለባብጦ አየው። «ነጂማ፣ የዚህ ነገር ዓይኑ የታለ?» አለኝ።

ዓይን አልነበረውም። ካሜራውን የላከችልኝ ጅቡቲ የምትኖረው አክስቴ ናት። ያገለገለ ነው፤ ሌንስ ለብቻው የሚገዛ ነገር መሆኑን ሳታውቅ ገዝታ፣ በሚያምር ሳጥን አሽጋ ላከችው። ሳጥኑን ስከፍት ያገኘሁት ጥቁር አካልና ፊቱ ላይ በፕላስቲክ የተከደነ ክብ ቀዳዳ ነበር። ለአክስቴ አልነገርኳትም፣ ደስታዋ አሳሳኝ። ለአባቴ ደግሞ «ዓይኑን እዚያ እገዛለታለሁ» አልኩት።

«እዚያ» ያልኩት ደብረ ማርቆስን ነው። እናንተ የሰፈሬ ሰዎች ስትስቁብኝ እንደነበር አልረሳሁም። የድሬ ልጅ ሲሰደድ ወደ ጅቡቲ ነው፣ ወደ ዓረብ አገር ነው፤ ወደ ጎጃም የተሰደደ ማን አለ? «በገዛ አገርሽ ውስጥ ምን ስደት አለ?» ያላችሁኝ አላችሁ። እኔ ግን ስደት ነው ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። የምትበሉት ሲቀየር፣ ሰላምታው ሲቀየር፣ ስትታመሙ በር አንኳኩታችሁ የምትጠሩት ሰው ሲጠፋ ስደት ነው። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም ስላልተመታ ናፍቆቴ አይቀንስም።

ሐሳቡ የመጣው ከትርንጎ ነው። ትርንጎ ዩኒቨርሲቲ ስንማር አንድ ዶርም ውስጥ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች የጎጃሟ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት፤ አሁን ማርቆስ ታስተምራለች። እኔ ከተመረቅሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በወንድሜ በፉአድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሜትር ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ደውላ፣ «እዚህ በጥር ሠርግ እንደ ጉድ ነው። ሙሽሪት ስትለብስ፣ ስትኳኳል፣ ገብቶ የሚያነሳ ግን የለም፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ ወንድ ነው» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ተነሳሁ። አባቴ ሽርጡን መልሶ እየጠቀለለ የመጨረሻ ቃሉን ተናገረ፦ «እስከ ጥር ማለቂያ። ጥር ሲያልቅ በዚህ ነገር ራስሽን ካልቻልሽ ወደ ፉአድ ሱቅ ትመለሻለሽ፤ ወንበርሽ አለ።» እኔም አፌ አያርፍም፣ «ወንበሩን ሽጡት» ብዬው ተሳፈርኩ። ከዚያ እስከ አዋሽ ድረስ አለቀስኩ።

ከአዲስ አበባ ወዲህ ያለው መንገድ አንድ ነገር አደረገኝ። ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ሻሼን ፈታሁ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ሲያማርር እኔ ብቻ ቤቴ የገባሁ ያህል ተመቸኝ። ድልድዩን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ግን ሙቀቱ በየጥምዝምዙ እየቀነሰ ሄደ። ደጀን ላይ ለምሳ ስንወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ጋቢ የተከናነበ የከባድ መኪና ሾፌር አየኝና፣ «እህቴ፣ በዚህ ነጠላ ጫማ ወዴት ነሽ?» አለኝ። «ማርቆስ» ስለው፣ «ካልሲ የሚባል ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎኝ ሄደ። ካልሲ የገዛሁት እዚያው ደጀን ነው። በሃያ ስድስት ዓመቴ ለብርድ ብዬ ካልሲ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማርቆስ ቤት ፍለጋ ትርንጎ ወደ እትዬ የሺ ግቢ ወሰደችኝ። እትዬ የሺ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ክፍል የሚያከራዩ፣ ሰውን ከጫማው ጀምረው የሚያዩ ሴት ናቸው። (አሁን ስጽፍ «ናቸው» እያልኩ ነው፤ ተምሬያለሁ።) ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ።

«ፎቶ አነሳለሁ። አንቺስ?» አልኳቸው።

ትርንጎ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። እትዬ የሺ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጅቱ ቤት ልትከራይ ነው የመጣች ወይስ እኔን ልትቀጥረኝ?»

«እትዬ፣ ይቅርታ፤ ከድሬ ናት። እዚያ አንቱታ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም አንተ አንቺ ነው።»

«ታዲያ እግዜርን ምን ይሉታል?»

«እሱንማ እናንተም አንተ ነው የምትሉት» አልኩ።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ትከሻቸው ይነቀነቅ ጀመር። ሳቃቸውን ጨርሰው ሃይማኖቴን ጠየቁኝ፤ ሙስሊም ነኝ አልኩ። «እንግዲያ ድስት አንዋዋስም» አሉ። «እኔም ድስትሽን አልፈልግም» አልኩ። «ድስትዎን በይ።» «ድስትዎን አልፈልግም።» «አሁን ተግባባን» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ከቀበሌው ጸሐፊ ጋር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተግባባንም። ከእኔ በዕድሜ ቢበልጥ በሁለት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነው። መሸኛዬን አገላብጦ አየና ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ፎቶ አንሺ።»

«ካሜራ አለሽ?»

አወጣሁለት። ክዳኑን ከፍቶ ቀዳዳውን አየ። «ይሄ እኮ ፊት የለውም።»

«ሌንሱን ልገዛ ነው።»

«ስትገዢ ፎቶ አንሺ ትሆኛለሽ። ለጊዜው ሥራ ፈላጊ ብዬ ልጻፍሽ።»

«አንተስ እዚህ ከመቀጠርህ በፊት መታወቂያህ ላይ ምን ይል ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሥራ ፈላጊ» አለና ማኅተሙን መታው።

በንዴት በቀጥታ ሌንስ ፍለጋ ወጣሁ። ለጀማሪ ምክር የምትፈልጉ ካላችሁ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ ተናዳችሁ ሌንስ አትግዙ። ማርቆስ ውስጥ ያገለገለ ሌንስ የሚሸጠው አንድ ጌታሁን የሚባል ሰው ነበር። ሱቁ የስልክ ቻርጀር፣ ሚሞሪ ካርድ፣ የተሰበረ ስክሪን ነው፤ ጥግ ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሦስት ሌንሶች አስቀምጧል። ያለኝ ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ዕድል የለኝም፤ የተሳሳተውን ገዛሁ ማለት ጥር አመለጠኝ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ረጅሙን ነው፣ ሩቅ የሚያቀርበውን። ክንድ ያህላል፤ ይዤው ብቆም ሰው መንገድ የሚለቅልኝ መሰለኝ። ካሜራዬ ላይ ስገጥመው ግን ምስሉ ብዥ እንዳለ ቀረ። «ይሄ ሞተር የለውም። በእጅሽ እያዞርሽ ታጠሪዋለሽ» አለኝ። እስክስታ የሚወርድ ሰው በእጅ እያዞርኩ ላጠራ! የስልኬን መብራት አብርቼ በመስታወቱ ውስጥ አየሁ፤ ቀጫጭን ነጭ ክሮች ከዳር ወደ መሀል ይሄዳሉ።

«አቧራ ነው» አለ ጌታሁን።

«አቧራ ሥር አያወጣም» አልኩት። ሻጋታ ነበር። ክረምት ሙሉ እርጥበት ውስጥ የተቀመጠ ሌንስ መስታወቱ ይሻግታል፤ ይህን ያነበብኩት ድሬ ሳለሁ ነው፣ ድሬ ግን እንኳን ሌንስ ዳቦም ከመሻገቱ በፊት ይደርቃል።

ሁለተኛው ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው ተራ ሌንስ ነው፣ ኪት የሚሉት። ቀለበቱ ሲዞር ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት ይሄዳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ያያል፣ ሲበዛ ያቀርባል። ፕላስቲክ ነው። ጌታሁን እንዳነሳው እንኳ አልፈለገም። «እሱን ተይው። ሰው ካሜራ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው። አንቺ ፊፍቲውን ውሰጂ።» ፊፍቲው ትንሽ፣ ክብ፣ ዙም የሌለው ሌንስ ነው፤ ሃምሳ ላይ ተተክሎ ይኖራል፣ ብርሃን ግን እንደ ልብ ያስገባል። ጌታሁን ገጠመና እኔኑ አነሳኝ። ስክሪኑ ላይ አሳየኝ። ፊቴ ጥርት ብሎ፣ ከኋላዬ ያለው መንገድና ባጃጅ ሁሉ ሟሙቶ የቀለም ጠብታ ሆኗል። እንዲህ ቆንጆ ሆኜ አላውቅም። ቴሌግራም ላይ ያለውን የፎቶ አንሺዎች ግሩፕ ጠየቅሁ፤ ሁሉም በአንድ አፍ «ፊፍቲ!» አሉ። ገዛሁት።

ሁለት ወር ደህና ሄደ። ተማሪዎችን አነሳሁ፣ የትርንጎን ባልደረቦች አነሳሁ፣ እትዬ የሺን በግቢያቸው አነሳሁና ፎቶውን ሳሎን ሰቀሉት። «መጨማደዴን ሁሉ ቆጠርሽው» ብለው ተቆጡኝ፣ ግን ሰቀሉት። በዚያ ላይ ብርዱ ነበር። እናንተ ምሽት ላይ ወንበር አውጥታችሁ በር ላይ ስትጫወቱ፣ እዚህ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሁሉም በሩን ዘግቶ ይገባል። የድሬያችን ጣፋጭ ሙሸበክ ያማረኝ ቀን ከተማውን ዞሬ ሳጣ፣ ስሙን እንኳ የሚያውቅ ሳጣ፣ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ማልቀሴን ደብቄ አላውቅም። እያለቀስኩም እሠራለሁ።

ጥር እንደገባ የመጀመሪያው ሠርግ መጣ። የትርንጎ አጎት አያ ደምሴ ከአማኑኤል ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ፤ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሁለት የመንደሩ ሰዎች ደግሞ በሚቀጥሉት ሳምንታት ልጆቻቸውን ይድራሉ፤ ፎቶዬን አይተው ሊጠሩኝ ከትርንጎ ጋር ተነጋግረዋል። ጥር ማለት ለእኔ ይቺ መንደር ነበረች።

ጠዋት እነሙሽሪት ቤት ሄጄ ሙሽሪት ስትለብስ አነሳኋት፤ ሃምሳው እንደተወራለት ሆነ። ለእኔም ለብቻዬ በተለየ ድስት የተሠራ ወጥ ቀርቦልኝ በላሁ። ችግሩ የመጣው የቤተሰቡ ፎቶ ላይ ነው። አያ ደምሴ አዲሱ ቤት ፊት ለፊት እንዲሆን አዘዙ። ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ ቤት ነው። አሥራ አራት ሰው ተሰለፈ። ካሜራዬን ዓይኔ ላይ ሳደርግ የሚታየኝ ስድስት ሰው ነው፤ እነሱም ከጉልበታቸው በላይ። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ጎተራው አገደኝ። ወደ ጎን ሄድኩ፣ የድንጋይ አጥሩ አገደኝ። አጥሩ ላይ ወጣሁ። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ተንሸራተተና ካሜራዬን ሽቅብ እንደያዝኩ የጎረቤት ጎመን ውስጥ በቂጤ ተቀመጥኩ። ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ላብ አጥምቆኝ ነበር።

«ጠጋ ጠጋ በሉ!» አልኩ። ተጠጉ። አንድ ቦታ ግን አልዘጋ አለ። በአያ ደምሴና በባለቤታቸው በወይዘሮ ጥሩዬ መካከል አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ አለ።

«አያ፣ ወደ ባለቤትዎ ጠጋ ይበሉ።»

«አይሆንም።»

«ፎቶው ውስጥ አይገቡማ!»

«እኛ ደህና ቆመናል። አንቺ ራቂ።»

መራቂያ እንደሌለኝ እንዴት ላስረዳቸው? የጀማሪ ካሜራ ውስጡ ምስሉን የሚቀበለው ነገር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሃምሳው ከሌላው ካሜራ ይልቅ የእኔ ላይ ይጠብባል። ይህን አንብቤው ነበር፣ ግን ያነበብኩት ስገዛ ሳይሆን ከገዛሁ በኋላ ነው። ሽማግሌ ግትር ሆነብኝ ብዬ ሄድኩና ወይዘሮ ጥሩዬን በሁለት ትከሻቸው ይዤ ወደ ባላቸው ገፋኋቸው። ሁለቱም እንጨት ሆነው ቆሙ። የእነሱን ለብቻ፣ የቀሩትን ቆራርጬ አነሳሁና ጨረስኩ።

በሳምንቱ ትልልቁን አሳጥሜ ከትርንጎ ጋር ይዤ ሄድኩ። የሙሽሪትን ፎቶ ሴቶቹ እየተቀባበሉ እልል አሉ። አያ ደምሴ የእነሱን ፎቶ ያዙ፤ አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩ።

«ቤቱ የታለ?» አሉኝ።

«ከኋላ ነው አያ። አደብዝዤው ነው፣ እናንተ ጎልታችሁ እንድትታዩ።»

«ማን አደብዝዢ አለሽ?» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ይቺን ቤት የሠራቻት ልጄ አለሚቱ ናት። ዓረብ አገር ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ። ወረቀት የላትም፤ ብትወጣ አትመለስም፣ ብትመለስ አትወጣም። ቤቷን አይታት አታውቅም። ፎቶው ለእሷ ነበር። ቤቷን በጉም ሸፈንሽባት። በቦታዋም እናቷን ገፍተሽ አቆምሽበት።»

ክፍቱ የአለሚቱ ነበር። ፎቶ ሲነሱ ሁልጊዜ በአባቷና በእናቷ መካከል ቦታዋን ይተዉላታል፤ የእህቷ ሠርግ ላይም፣ ክርስትና ላይም። ትርንጎ አልነገረችኝም፤ አገር የሚያውቀውን ማን አንስቶ ይናገራል? እኔ ራሴ ከቤቴ የራቅሁ ሴት፣ የሌላዋን የራቀች ሴት ቦታ በእጄ ገፍቼ ዘጋሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ ትርንጎ በሚኒባሱ ውስጥ ቀስ ብላ ሌላውን ነገረችኝ። ሁለቱ ባለ ሠርጎች ሐሳባቸውን ቀይረዋል፤ ከከተማ ሌላ ፎቶ አንሺ ሊያመጡ ነው። ማታ ፉአድ መልእክት ላከልኝ፦ «ሱቅ ሥራ በዝቷል፣ መቼ ነሽ?» ያን ሳነብ ሐፍረቴ ወደ ንዴት ተለወጠ። በማን እንደተናደድኩ ልንገራችሁ? በጌታሁን፣ በግሩፑ፣ በፉአድ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። ቆንጆ ሆኜ ስለታየሁ ነው ያን ሌንስ የገዛሁት። የት ቆሜ፣ ማንን፣ ለማን እንደማነሳ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ግን አልመለስም። አቦ፣ እንዲህ ሆኜማ አልመለስም!

በማግሥቱ ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። «ፊፍቲውን መልሰህ ውሰድና ኪቱን ስጠኝ» አልኩት ጌታሁንን።

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

«እህቴ፣ ሰው ሲለውጥ ወደ ላይ ነው። ይሄን እኮ የሚፈልገው የለም።»

«የሚፈልገው ከሌለ ርካሽ ነው ማለት ነው። ስጠኝ።»

መስታወቱን በመብራት አየሁ፣ ንጹሕ ነው። ቀለበቱን አዞርኩ፣ አይንቀራፈፍም። ገጠምኩት፣ ሞተሩ ጭርር ብሎ አጠራ። አሥራ ስምንቱ ላይ አድርጌ ከበሩ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ሱቁ ከነጌታሁን፣ ከነሣጥኑ፣ ከነግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሙሉ ገባ። በልውውጡ እኔ ነኝ የተጎዳሁት፣ ይጎዳኝ። ግሩፑ ላይ ያደረግሁትን ስጽፍ የሳቅ ምልክት ዘነበብኝ። አንዱ «ከመኪና ወርዳ አህያ ላይ ወጣች» አለኝ። ከግሩፑ ግን አልወጣሁም፤ እዚያው ተቀምጬ ሲስቁ አያቸዋለሁ።

ለእናንተ ለመሰሎቼ፣ ካሜራ ይዛችሁ ሰው አገር ለምትገቡት፣ የማውቀውን ልናገር። ሃምሳው መጥፎ ሌንስ አይደለም፤ ገንዘብ ስታገኙ ግዙት፣ እኔም እገዛዋለሁ። ለመጀመሪያው ግን ሰው የሚንቀውን ሰፊውን ያዙ። ጠባብ ግቢ፣ ጠባብ ክፍል፣ ብዙ ቤተሰብ ያለበት አገር ነው ያለን። ከእናንተ ፎቶ የሚጠብቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ነው፤ እሱ የሚፈልገው የጠራ አፍንጫ አይደለም። በሩን፣ አጥሩን፣ ማን የት እንደቆመ ማየት ነው የሚፈልገው።

አያ ደምሴን ያገኘኋቸው አውድማ ላይ ነው፤ ጤፍ እየወቁ ነበር። ሲያዩኝ መንሻቸውን አላስቀመጡም።

«አልጠራንሽም» አሉኝ።

«አውቃለሁ። ሳልጠራ ነው የመጣሁት። አንድ ፎቶ ብቻ ያንሱኝ... ላንሳዎት ማለቴ ነው። ካልወደዱት ሁለተኛ ዓይኔን አያዩትም።»

«ሥራ ላይ ነን።»

«እጠብቃለሁ።» ገለባው ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ደስ ይላል፤ በማርቆስ ብርድ ከርሜ እኔን ከፀሐይ ማን ያስለቅቀኛል? አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ወቁ። በመጨረሻ፣ «ይቺ የድሬ ልጅ ገገመች» ብለው ሄዱና ነጭ ልብሳቸውን ለበሱ።

አሥራ አራቱም ተሰለፉ። ጎተራው ሥር ቆምኩ፣ ቀለበቱን ወደ አሥራ ስምንት መለስኩ፣ ከጀርባቸው ያለው ሁሉ እንዲጠራ ብርሃን ማስገቢያውን ስምንት ላይ አጠበብኩ። ቆርቆሮው ጫፍ ድረስ ገባ፣ አረንጓዴው በር ገባ፣ የሁሉም እግር ከነጫማው ገባ። በአያ ደምሴና በወይዘሮ ጥሩዬ መካከል ቦታው ክፍት ነው።

«ይበቃታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ክፍቱን ወደ ጎን አዩትና፣ «ሰባት ዓመት እኮ ነው፤ ወፍራ ይሆናል። ሰፋ አድርጉላት» አሉ። አሥራ አራቱም አንድ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ያጠራው ሞተሩ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ኔትወርክ የተገኘ ዕለት ትርንጎ ላከችላት። አለሚቱ በድምፅ መለሰች፤ አያ ደምሴ ግቢ ስልኩን ከበን ሰማነው። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ፣ «በሩን ማነው አረንጓዴ ያስቀባው? እኔ ሰማያዊ አላልኩም?» ብላ ተቆጣች። አያ ደምሴ ራሳቸውን አከኩ። መጨረሻ ላይ፣ «እማዬ፣ የግራ እግርሽ ለምን አበጠ? ደህና ነኝ ስትይኝ የነበረው በዚህ እግር ነው?» አለች። ወይዘሮ ጥሩዬ እግራቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ አስገቡ። በሳምንቱ ማርቆስ ሐኪም ቤት መጥተው እኔ ቤት አደሩ፤ እትዬ የሺ ድስታቸውን አዋሷቸው።

ሁለቱም ሠርጎች ተመልሰው መጡልኝ፤ ከእነሱ ሌላም ሦስት። ጥር ሲያልቅ የቤት ኪራዬንም፣ ምግቤንም፣ ሁለተኛ ጥንድ ወፍራም ካልሲዬንም የሸፈንኩት በዚያች ፕላስቲክ ሌንስ ነው። የእነ አያ ደምሴን ፎቶ ለአባቴም ልኬለት ነበር።

በወሩ መጨረሻ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ደወለ። «ጥር አለቀ» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«አልመጣም አባ። ራሴን ችያለሁ።»

«ሰምቻለሁ።» ከኋላው የድሬ ባጃጅ ሲያንባርቅ፣ ሰው በስም ሲጠራራ ይሰማኛል። «የላክሽው ፎቶ ላይ መሀሉ ለምን ክፍት ሆነ? ሰው ወጥቶ ነው?»

«ሰው ሄዳ ነው።» ስለ አለሚቱ ነገርኩት። 

«ከሄድሽ በኋላ የፉአድ ልጅ ስም የወጣለት ቀን ሁላችንም ፎቶ ተነስተን ነበር» አለኝ። «አንሺው ተጠጉ አለን።»

«እና?»

«ተጠጋን።»

ቦታዬን የዘጉት ሳያውቁ ነው፤ እኔም ሳላውቅ የሌላ ሰው ዘግቼ አውቃለሁ። ቢሆንም ጮህኩበት። «ለምን ትጠጋላችሁ? አንተ ራቅ አትለውም ነበር? እዚያ መሀል እኔ አለሁ እኮ!»

«አሁን ምን ላድርግ ነጂማ?»

«እንደገና ተነሱ። እኔ አልመጣም፣ ቦታዬን ግን ተዉልኝ። አንድ ሰው የሚያስቆም፣ ሰፋ ያለ።»

«ከማን ጎን?»

አሰብኩ። «ካንተ ጎን። በግራ በኩል።»

«በግራ ፉአድ አለ።»

«ፉአድ ይራቅ» አልኩት።

አባቴ እሺም እንቢም አላለኝም። ምሳ በልቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።